የተመድ ጦርና የእርዳታው እህል ደቡብ ሱዳንን አተረፏት ወይስ ጦርነቱን ቀለቡት?

አወያይ፦
ባለፈው ሳምንት ስለ ካርቱም ስናወራ አንድ አባላችን «ደቡብ ሱዳን ዩኤን ባይገባ ኖሮ ፕሬዚዳንቱ ሳልቫ ኪርና ባላንጣው ሪክ ማቻር በሁለት ዓመት ደክሟቸው ይታረቁ ነበር» ብሎ ጣል አድርጎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጽፍልኝ ሰው መብዛቱ! ግማሹ «ልክ ብሏል»፣ ግማሹ «አስወጣው»። ማንንም አላስወጣም። ራሱን የቻለ ክርክር ይሁንና እዚሁ እንጨርሰው።

ለማያስታውስ ባጭሩ፦ አገሪቱ በጁላይ 2011 ስትመሠረት አንሚስ የሚባለው የተመድ ጦር አብሮ ገባ። ዲሴምበር 15 ቀን 2013 ማታ ጁባ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ የኪር ብሔር የዲንካና የማቻር ብሔር የኑዌር ሆነ። በ2015 ተፈራረሙ፣ በ2016 ፈረሰ፣ በ2018 አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተፈራረሙ። በዚህ ሁሉ መሀል ሰላም አስከባሪው አለ፣ የእርዳታ እህሉም ይገባል። እንግዲህ ተከራከሩበት።

ሕጉ ያው ነው። ብሔር አይሰደብም፤ የእነሱም የእኛም። ዓመቱን በፈረንጅ ጻፉ፣ አለዚያ እንደ ባለፈው በቀን መቁጠሪያ ስንጣላ እናነጋለን።

ኮንዮኮንዮ፦
ጣል ያደረግሁት እኔ ነኝ። አልጠፋሁም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ ጁባ ነግጃለሁ፤ እዚህ የምጠራበት ስም የገበያው ስም ነው። ከመጽሐፍ አይደለም የማወራው።

በጁላይ 2016 ከተማው ውስጥ ለቀናት ተዋጉ። ተኩሱ ሲበርድ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ትልቁ መጋዘን ተራቁቶ ተገኘ። ከ4,500 ቶን በላይ ምግብ። ድርጅቱ ራሱ ለ220,000 ሰው የአንድ ወር ቀለብ ነበር ብሏል። ይህን ያህል እህል በጀርባ አይሄድም። በካሚዮን ነው የሄደው፤ ያን ሰሞን ጁባ ውስጥ እንደ ልቡ ካሚዮን የሚነዳ ደግሞ ባለ መለዮ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይቆይ ገበያችን በማዳበሪያ ማሽላና በቆርቆሮ ዘይት ተጥለቀለቀ። ዘይቱን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት፣ «አይሸጥም አይለወጥም» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ባለ አራት ሊትር። አንድ ባለ መለዮ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ከሞተር ኋላ አስሮ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ዘረገፈው። ነጋዴ ነኝ፣ ገዛሁ። እኔ ባልገዛው ጎረቤቴ ይገዛው ነበር።

ታዲያ ይሄ ጦርነቱን መቀለብ ካልሆነ ምንድን ነው? ወታደሩ ደመወዝ ሳያይ ወራት ይቆጥር ነበር፤ ምን በላ? ነዳጁ የሚያመጣው ዶላር መሣሪያ ይገዛል፣ የሕዝቡን ሆድ ደግሞ ፈረንጅ ይችላል። ሸክምህን ሌላ ሰው ከተሸከመልህ ምን አስቸኩሎህ ትታረቃለህ? በፌብሩዋሪ 2017 ሌርና ማየንዲት በሚባሉ ወረዳዎች ረሃብ ታወጀ። በወሩ ያው መንግሥት ለውጭ አገር እርዳታ ሠራተኛ የሥራ ፈቃዱ ዋጋ 10,000 ዶላር ይሁን አለ። ከ100 ዶላር ተነሥቶ! በኋላ ጩኸት ሲበዛ ተወው እንጂ ሐሳቡ ምን እንደነበር ገባችሁ።

ሰላም አስከባሪውንማ ተዉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አሥር አለቃ፦
ወንድሜ ኮንዮኮንዮ፣ ውሻው እኔ ነኝ። ሰማያዊውን ቆብ አድርጌ ከሻለቃችን ጋር እዚያ አገር ከርሜ መጥቻለሁ። የትኛው ካምፕ እንደሆነ አልናገርም፤ አብረውኝ የነበሩ ልጆች ያነቡኛል።

እስቲ ስለ ገመዱ ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ከካምፓችን ራቅ ያለች መንደር ተቃጥላለች ተብሎ ሦስት ብረት ለበስ ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላ ስላችሁ ግንብ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት እንጨት፣ በመሀሉ ሰማያዊ የናይለን ገመድ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ወንበሩ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ክላሽ ታቅፎ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ሌላኛው ባዶ ነው። «ወረቀት» አለን። ወረቀት አለ፤ ለጦራቸው አስቀድመን አሳውቀን የተፈረመ። አገላበጠና «ይሄ የጁባ ነው፤ የእኔ አለቃ አልፈረመበትም» አለ። አለቃህ የታል? ተኝቷል። ሦስት ብረት ለበስ ይዘን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን ተመለስን።

ገመድ መበጠስ አቅቶን አይደለም፤ በጥርስ ይበጠሳል። ከበጠስከው ግን ነገ የምግብ ካሚዮኑ አያልፍም። ከነገ ወዲያ ሄሊኮፕተርህ የበረራ ፈቃድ ይከለከላል። ከዚያ የካምፑ ጄኔሬተር ነዳጅ ያልቃል። የምትበላውም የምትጠጣውም በእነሱ ፈቃድ ነው የሚገባው። በሰው ቤት እንግዳ ሆነህ በሩን ልስበር ትላለህ?

የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ዲሴምበር 2013 የሆነውን አትርሱ ለማለት ነው። ያኔ እኔ ገና አልሄድኩም ነበር፤ ከእኛ በፊት የነበሩት የነገሩኝን ነው። ሰው ሕፃን አዝሎ፣ አሳዳጅ ከኋላው አስከትሎ ወደ ተመድ ቅጥር መጣ። ቅጥሩ ቢሮና መጋዘን ነው እንጂ ሰው ማኖሪያ አይደለም። የተልዕኮው ኃላፊ ሂልደ ጆንሰን ነበረች፤ በሩ ተከፈተ። ውሎ አድሮ ከ200,000 በላይ ሰው በተመድ አጥር ውስጥ ኖረ። አኮቦ ላይ ታጣቂ ሰብሮ ገብቶ የተጠለሉትን ሲገድል ሁለት ሕንዳውያን ወታደሮች አብረው ሞተዋል። ሩዋንዳ በ1994 ስትታረድ የጸጥታው ምክር ቤት ጦሩ ወደ 270 ይውረድ ብሎ ነበር የወሰነው። እዚህ ግን በገና ዋዜማ ወደ 12,500 ይጨመር አለ። «ይታረቁ ነበር» ትላለህ። እስኪታረቁ ማን ይተርፍ ነበር?

ሕግ አራተኛ ዓመት፦
አሥር አለቃ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። በር መክፈቱስ ይሁን፤ ከተከፈተ በኋላ መጠበቁስ? ፌብሩዋሪ 2016፣ ማላካል ያለው የተመድ መጠለያ። ታጣቂዎች አጥሩን ቀደው ገቡ፣ መጠለያው ተቃጠለ፣ ከ25 በላይ ሰው ተገደለ። እዚያ የነበሩት የኢትዮጵያ፣ የሕንድና የሩዋንዳ ጓዶች ናቸው። በኋላ በወጡት ምርመራዎች ላይ የጥበቃ ቦታውን ትቶ የሄደ ነበር፣ ለመተኮስ የጽሑፍ ፈቃድ የጠየቀ ነበር ተብሏል።

አምስት ወር ቆይቶ ደግሞ ኮንዮኮንዮ የጠቀሰው የጁባ ውጊያ መጣ። ከተመድ ዋና ግቢ አንድ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፣ ቴሬይን የሚባል የእርዳታ ሠራተኞች ማረፊያ በወታደሮች ተወረረ፤ ሰው ተገደለ፣ ሴቶች ተደፈሩ። «ድረሱልን» እያሉ ደወሉ፤ የደረሰ የለም። በጡረታ ላይ ያሉ የሆላንድ ጄኔራል ፓትሪክ ካማርት መርምረው የጻፉት ማጠቃለያ ለሁሉም ክፍት ነው። ከቻይና፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኔፓልና ከሕንድ የመጡት አራት ጓዶች በአንድ ዕዝ አልሠሩም፣ የሚደርሳቸው ትዕዛዝ እርስ በርሱ ይጣረስ ነበር ይላል። ያኔ የተመድ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን የጦሩን አዛዥ፣ ኬንያዊውን ሌተናል ጄኔራል ኦንዲየኪን አነሧቸው። ኬንያ ተቆጥታ ወታደሮቿን አስወጣች። በሌላ አነጋገር የተጠየቀው አንድ ሰው ነው፤ አሠራሩ እንዳለ ቀረ።

የእኔ አቋም ግን ከኮንዮኮንዮ ጋር አይደለም። ጦርነቱን ያስረዘመው እህል አይደለም፣ መሣሪያ ነው። ጦርነቱ በ2013 ተነሣ፤ የመሣሪያ ማዕቀብ የተጣለው መቼ ነው? በጁላይ 2018! በዲሴምበር 2016 ቀርቦ 7 ድምፅ ብቻ አግኝቶ ወደቀ፣ 8ቱ ተአቅቦ አደረጉ። በ2018 ሲያልፍም ለጥቂት ነው፤ በ9 ድምፅ፣ 6 ተአቅቦ። ከስድስቱ አንዷ ያኔ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። በአንድ እጃችን ወታደር ልከን «ሕዝቡን ጠብቅ» አልነው፣ በሌላው እጃችን መሣሪያው ይገባ ይቅር ሲባል ዝም አልን።

የዲሲው፦
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝና ረዘም ካለ ይቅር በሉኝ። በ77 ኮረም ነበርኩ። የእርዳታ እህል ተሸካሚ፤ በቀን ስንት ኩንታል እንደማወርድ እንኳ ዛሬ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አወያይ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ 77 ሲሉ በእኛ ነው። ለወጣቶቹ፦ በፈረንጅ 1984 እና 85።

የዲሲው፦
ተባረክ። ያን የተጨባበጠ እጅ ያለበትን ቆርቆሮ እኔም አውቀዋለሁ። ባዶውን ኩራዝ እንሠራበት ነበር፤ ለክፍለ ሀገሩ ሁሉ መብራት የሆነው አሜሪካ ነው እያልን እንስቅ ነበር። እህሉ ሰው አተረፈ፣ አልክድም፤ ዓይኔ አይቷል። ግን ያው እህል ሰው መሰብሰቢያም ነበር። ለእህል የመጣውን ገበሬ ለሰፈራ ሲጭኑትም አይቻለሁ።

ደቡብ ሱዳንም ይህ ነገር ትናንት አልተጀመረም። በ1989 ተመድ ከካርቱምና ከደቡቡ አማጺ መሪ ከጋራንግ ጋር ተዋውሎ «ኦፕሬሽን ላይፍላይን ሱዳን» የሚሉትን ጀመረ። ቀኑን ሙሉ እህል ተራገፈ፣ ማታ ታጣቂው በየቤቱ ዞሮ ድርሻውን ሰበሰበ። ካርቱም በበኩሏ ስትፈልግ በረራ ትከለክላለች። በ1998 ባሕር ኤል ጋዛል ያ ሁሉ ሰው የረገፈው ላይፍላይኑ እያለ ነው። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተመገቡ፣ ሠላሳ ዓመት ተዋጉ። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ የምለው፣ እስኪፈርሙ እህሉ ይቁም። ሁለቱም ወገን በረሃብ አይጸኑም።

ሲስተር፦
ጋሼ፣ እንደ አባቴ አከብርዎታለሁ፤ ይህን ግን አልውጠውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚሉን! ጄኔራል ሲራብ አይተው ያውቃሉ? እህል ሲቆም መጀመሪያ የሚሞተው ጡት የጣለ ሕፃን ነው፣ ቀጥሎ የሚጠባው ወንድሙ ነው፣ ቀጥሎ አያትየው ናት። ክላሽ የያዘው መጨረሻ ነው የሚራበው፤ ያውም ከተራበ።

ነርስ ነኝ። በ2014 ክረምት ከአንድ የሕክምና ድርጅት ጋር ቤንቲዩ፣ የተመድ አጥር ውስጥ ነበርኩ። አጥሩ የተሠራበት ቦታ ረባዳ ነው። ሰዉ ሲገባ በጋ ነበር፤ ማን መረጠ? ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ጉልበት ደረሰ። ሌሊት እናቶች ሕፃናቱ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ አቅፈው ቆመው ያድሩ ነበር። ጠዋት ወደ ድንኳናችን ሲመጡ እግራቸው ነጭ ሆኖ፣ ተሸብሽቦ፣ ልብስ ሲያጥብ እንደ ዋለ እጅ። ያ ውሃ ምን እንደሚቀላቀልበት አልነግራችሁም፣ እራት ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ። እንጨት የሚለቅመው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሴቶች ናቸው። አንዷን «ባልሽ ለምን አይሄድም?» አልኳት። አልተቆጣችም፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ነገረችኝ። «እሱ ከወጣ ይገድሉታል። እኔ ከወጣሁ ይደፍሩኛል፣ ግን እመለሳለሁ።» በቤታቸው ተማክረው የወሰኑት ነው።

ስለዚህ «ሰላም አስከባሪው ዋጋ የለውም» ለምትሉ፦ እንጨት ለቃሚዎቹን የሚያጅብ ጓድ በወጣ ቀን ወደ እኔ ድንኳን የሚመጣው ሰው ይቀንስ ነበር። በማይወጣበት ቀን ይበዛል። እኔ የምመዝነው በዚህ ነው። የለንደኑ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ባወጣው ግምት በዚያ ጦርነት ምክንያት 383,000 ገደማ ሰው ሞቷል። ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው በጥይትና በስለት የሞተው፤ የቀረው ሐኪም በማጣት፣ በበሽታ፣ በረሃብ። እህሉን ሲያቆሙ የሚጨምሩት ይህኛውን ግማሽ ነው፣ ጋሼ።

ኮንዮኮንዮ፣ አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዘይት በስንት ሸጥከው?

ኮንዮኮንዮ፦
ሲስተር፣ ነገሩ የእኔ ዘይት አይደለም። ስለ አሠራሩ ነው የምንከራከረው።

ባሮ ማዶ፦
እኔ ጋምቤላ ነው የምሠራው፣ ስደተኛ ቅበላ ላይ። በ2014 ፓጋክ ድንበር ላይ ነበርኩ። ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣ ሕፃን ክንዱ ላይ የምናስረው የምግብ እጥረት መለኪያ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በቀን ውስጥ ቀይ የምትልባቸውን ብዛት ከመለመዴ የተነሣ ልኬቱን ሳላነብ በዓይን እገምት ጀመር። አንዳንዴ እሳሳት ነበር፤ ቢጫ የመሰለኝ ቀይ ይሆናል።

ያኔ የተማርኩት ነገር ይህ ነው። የመጡትን ከየት እንደመጡ ስንጠይቅ፣ እህል ከአውሮፕላን ይጣል ከነበረበት አካባቢ የሚመጣው ሰው ቢያንስ ቆሞ ይሄዳል። ምንም ካልደረሰበት ቦታ የሚመጣው በቃሬዛ ነው። አውሮፕላን መጣሉ ከመኪና ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ አውቃለሁ። ማዳበሪያው በላይ በላዩ ተደራርቦ ይታሸጋል፣ ሲወድቅ የላይኛው ቢፈነዳ እንኳ እህሉ እንዳይበተን። ሰው ቀድሞ ካልራቀ ይገድላል። መንገድ ቢኖር ማንም አይጥለውም ነበር። መንገዱ ደግሞ የአሥር አለቃ ገመድ ነው፤ በየኬላው ይከፈላል፣ በነጭ ዓባይ በሚሄደው ጀልባም ይከፈላል።

ጋሼ «እህሉ ይቁም» ሲሉ የማይታያቸው አንድ ነገር አለ። ሲቆም ሰዉ ቁጭ ብሎ አይሞትም። ባሮን ይሻገራል። በእኛ ክልል ከ300,000 በላይ ስደተኛ ተቀምጧል። ጦርነቱም አብሮ ይሻገራል፤ በኤፕሪል 2016 ከዚያ ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለውብን፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደውብናል።

ኮንዮኮንዮ ያለው ግን ሐሰት አይደለም፣ እኔም አንድ ልጨምርበት። የቤተሰቡ ራሽን ካርድ ላይ ስሙ ያለ፣ በማደያ ቀን ብቻ ካምፕ የሚታይ ወንድ አለ። ክረምቱን ማዶ ነው። ምን እንደሚሠራ አንጠይቅም። ሚስቱና አምስት ልጆቹ ግን ወሩን ሙሉ እኛ ጋ ናቸው። ስሙን ብሰርዝ አንድ ራሽን አተርፋለሁ፤ የእሱን ጎዶሎ ደግሞ ልጆቹ ከሳህናቸው ይሞሉለታል። አልሰረዝኩም።

አሥር አለቃ፦
ስለ ማላካል ዝም ያልኩት ሸሽቼ አይደለም። መጀመሪያ ስድብ ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። ልጄ፣ ማላካል አልነበርኩም። ግን እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ።

ሰማያዊ ቆብ ስታደርግ ሁለት አለቃ አለህ። አንዱ የተልዕኮው አዛዥ ነው፣ ከሌላ አገር። ሌላኛው የአገርህ ነው፣ በስልክ። የመጀመሪያው «ውጣ» ሲል ሁለተኛው «ልጆቼን እንዳታስፈጅብኝ» ይላል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም አገር ነው። ብትተኩስና ሲቪል ብትመታ የሚከሰሰው ማን እንደሆነ አይነገርህም። የጽሑፍ ፈቃድ የጠየቀውን «ፈሪ» ለማለት አልቸኩልም። በጁላይ 2016 ሁለት ቻይናውያን ብረት ለበሳቸው ተመትቶ ሞተዋል፤ የቆሰሉትን ለማውጣት እንኳ ውጊያው አላሳልፍ ብሎ ነበር።

ማማ ላይ ተመድቦ ማማውን ትቶ የወረደ ካለ ግን፣ ለእሱ መልስ የለኝም። ማማ አይተውም። ከሥርህ ሰው ተኝቷል።

የተሻለ ይቻላል ስትሉ ሁለቱ ሱዳኖች የሚወዛገቡባትን አቢዬን እዩ። ከ2011 ጀምሮ 4,200 ያህል ወታደር፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከኢትዮጵያ፣ የመጀመሪያው አዛዥ ጄኔራል ታደሰ ወረደ። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዕዝ፣ አንድ ስልክ። ሁለቱ ሱዳኖች በዚያች ቦታ ምክንያት ወደ ጦርነት ሳይመለሱ ዓመታት አለፉ። በ2022 ተተክተን እስክንወጣ።

ሕግ አራተኛ ዓመት፦
አመሰግናለሁ፣ አሥር አለቃ። ስለ ማማው የጻፉትን ከምርመራው ሁሉ የበለጠ ወሰድኩት።

አቢዬ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። እዚያ ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ተቀምጠው «ኢትዮጵያ ትግባልን» ብለው ፈርመዋል። ጁባ ላይ አስተናጋጁ መንግሥት ራሱ ተዋጊ ነው። ከጁላይ 2016 በኋላ ምክር ቤቱ 4,000 ተጨማሪ ጦር ፈቀደ፤ የመጀመሪያዎቹ ለመግባት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ጠብቀኝ ያለህ ሰው ቁልፉን ከደበቀብህ ምን ትጠብቃለህ?

የዲሲው፦
ሲስተር፣ ልጄ፣ ስለ እንጨቷ ሴት የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እህሉ ይቁም» ያልኩትን አነሣለሁ። ለጄኔራሎቹ ያለኝን አላነሣም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ሁላችሁም ስለ 2016 ታወራላችሁ፤ ያለንበትን እዩ እንጂ! በማርች 2025 ናስር ላይ ነጭ ጦር የሚሉት የኑዌር ወጣት ሚሊሺያ የመንግሥትን ጦር ሰፈር ያዘ። የተመድ ሄሊኮፕተር የተከበቡትን ወታደሮች ሊያወጣ ሄዶ ተተኮሰበት፣ ከበረራ ሠራተኞቹ አንዱ ሞተ፣ ሊያወጡት የነበረው ጄኔራልም ሞተ። ማቻር ቤቱ ውስጥ ታሰረ። በሜይ ኦልድ ፋንጋክ ያለው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ከዚያ ያው አካባቢውን ሲደበድብ የነበረ መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ ፎግቦው የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ናስርና ኡላንግ ላይ እህል በአውሮፕላን አስጣለ። የተመድ እጅ የለበትም። የኩባንያው ሰዎች የቀድሞ የአሜሪካ ጦርና የስለላ ሰዎች ናቸው። ዩኤን ይውጣ የምትሉ፣ ሲወጣ የሚተካው ይሄ ነው። ቦምቡም እህሉም ከአንድ ኪስ።

ባሮ ማዶ፦
ይህን እኔም ልጽፍ ነበር። ናስር ከእኛ ሩቅ አይደለም። ያኔ ተሻግረው የመጡት «እህል ሊጣል ነው፣ ተመለሱ» ሲባሉ ከመሀላቸው አንድ አዛውንት «ማን ነው የሚጥለው?» ብለው ጠየቁ። ሰውዬው መለሰላቸው። ቁጭ አሉ። አልሄዱም።

ኮንዮኮንዮ፦
እሺ፤ ፎግቦው ላይ ተሸንፌያለሁ። እህሉን ከተዋጊው እጅ ማውጣት ነው የፈለግሁት፣ ዩኤን ሲወጣ ጭራሽ በተዋጊው እጅ ይገባል። ስለ ነዳጁ ገንዘብ ያልኩትን ግን አልመልስም። የአገሩን ሕዝብ ሌላ እየቀለበለት የሚዋጋ መንግሥት የሚቆምበት ምክንያት የለውም፤ ይህን ማንም አልመለሰልኝም።

አወያይ፦
እውነት ነው፣ አልተመለሰም። ሌላ የሚጨምር አለ? አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልዘጋው ነው።

ሲስተር፦
እኔም የጠየቅሁት አልተመለሰልኝም።

ኮንዮኮንዮ፦
በ150 ፓውንድ ገዝቼ በ280 ሸጥኩት፣ ሲስተር። አሥራ ሁለቱም በሦስት ቀን አለቁ።

ለማን ብትዪኝ፣ ስድስቱን የወሰዱት ከተመድ ካምፕ የመጡ የኑዌር ሴቶች ናቸው። ገንዘብ አዋጥተው፣ ከመሀላቸው ፊቷ ላይ የኑዌር ምልክት የሌለባትን መርጠው ወደ ገበያ ልከዋት። የዚያ ወር ራሽናቸው ስላልመጣ ነው። ልጅቷ ቆርቆሮውን አንሥታ ዞር አደረገችው፣ የተጨባበጡትን እጆች አየች፣ በጣቷ ነካቻቸው። ከዚያ በጁባ አረብኛ «ይሄ እኮ የእኛ ነው» አለችኝ። አልጮኸችም። ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ነበር፣ ፈትታ ቆጠረችልኝ።

አልቀነስኩላትም።